ሳይታጠር የሚያተርፍ መሬት

በአዲስ አበባ ዙሪያ መሬት የሚያተርፍበት መንገድ አንድ ብቻ ነው ብለን ካመንን ሰነባብተናል። ቦታው ይያዛል፣ በቆርቆሮ ወይም በብሎኬት ይታጠራል፣ ዘበኛ ይቀመጥበታል፣ ዋጋው እስኪወጣ ይጠበቃል፣ ከዚያም ለሌላ ይተላለፋል። በሕግ መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ንብረት ነው ይባላል። በላዩ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ አጥሩ ብቻ ነው። ሻጭ ያተርፋል፣ ደላላ ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ ገዢም አጥሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ መካከል መሬቱ ጤፍም አላበቀለ፣ ሠራተኛም አልቀጠረ።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሌላ ዓይነት ንግድ ነው። መሬቱ ሲታጠር የሚከስር፣ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ግን የሚያተርፍ ንግድ ነው። ስሙም የተራራ ብስክሌት መስመር ይባላል። ቦታውም ሩቅ አይደለም፤ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ነው።

አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል። በነጋዴው ጆሮ ብስክሌት ማለት የልጅ መጫወቻ፣ ሲከፋም ዳቦ ማመላለሻ ነው። ይሁን እንጂ የተራራ ብስክሌት የሚባለው ወፍራም ጎማ፣ ብዙ ማርሽና ጠንካራ ፍሬን ያለው፣ ለድንጋይና ለአፈር መንገድ የተሠራ ዕቃ ነው። ለነጋዴ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ነጂው አስፋልት አይፈልግም። ከብት የሚነዳበት፣ እንጨት ተሸካሚ የሚወርድበት፣ ገበያተኛ በአህያ የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ለእሱ ምርጥ ሸቀጥ ነው። በሌላ አነጋገር ለዚህ ንግድ የሚያስፈልገው ትልቁ ካፒታል አስቀድሞ ተዘርግቷል። የዘረጉትም የአካባቢው ገበሬዎችና የአባቶቻቸው እግሮች ናቸው።

ያለን ዕቃ ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መስመር ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ የሚወርደው ነው። ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሰው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ይደርሳል። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለው ባሕር ዛፍ ከከተማው ጫጫታ ይጋርደዋል። ጉባው ላይ ሲቆም በሁለት ተፋሰሶች ድንበር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ወደ ደቡብ የወረደው ዝናብ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ ወደ ሰሜን የወረደው በሱሉልታ ሜዳ አልፎ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ በመስከረም አረንጓዴ ይለብሳል፣ ከዚያም ሣሩ ታጭዶ ድርቆሹ ለአዲስ አበባ የወተት ከብቶች ይጫናል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ለብስክሌት የሚመች ደረቅ መሬት ነው።

ሁለተኛው በቡራዩ በኩል ነው። የአምቦን መንገድ ይዞ የሚወጣ ሰው ገፈርሳን ያገኛል። ግድቡ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራና እስካሁን ለመዲናይቱ የመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ነው። አገራችን የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ሰው ሠራሽም ቢሆን ውኃ በቀኝ፣ ተራራ በግራ ይዞ መንዳት ለሚወድ ግን ገፈርሳ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ አልፎ የመናገሻ ከተማ አለ፤ በስተደቡብ ደግሞ የወጨጫ ተራራ ይታያል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከበረው በሰበታ በኩል ያለው ነው። ነጋዴው ሰበታን በሜታ ቢራ ፋብሪካና የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በሚነሣበት ጣቢያ ያውቃታል። ከከተማዋ ጀርባ ግን የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ደኑ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው ዛሬም አለ፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ዛሬም ይታያሉ። ደኑ የተኛበት የወጨጫ ተራራ ጫፍ 3,385 ሜትር ይደርሳል። በአህጉራችን ከተማ አጠገብ እንዲህ ያለ ዕድሜ ያለው ጥብቅ ደን ያላቸው መዲናዎች ብዙ አይደሉም።

እንግዲህ እነዚህ ሦስት መስመሮች በካርታ ላይ ሲታዩ አንድ ቀለበት ይሠራሉ። ከሱሉልታ በእንጦጦ ጀርባ ወደ ቡራዩ፣ ከቡራዩ በገፈርሳና በወጨጫ ሥር ወደ ሰበታ። ሦስቱ ከተሞች ቀለበቱ የሚታሰርባቸው ቋጠሮዎች ናቸው። ይህን ቀለበት እስካሁን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥሮ ለገበያ ያቀረበው የለም።

ገንዘቡ የት ይቀራል?

ብስክሌተኞች የሉም ማለት አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ማለዳ በመኪና ጣሪያ ላይ ብስክሌት ጭነው ወደ እንጦጦና ወደ መናገሻ የሚወጡ የከተማችን ልጆች፣ የኤምባሲና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች አሉ። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም የብስክሌት መንገድ ይዞ ተከፍቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መሥመር ተዘርግቷል። ፍላጎቱ በዓይን የሚታይ ነው።

ጥያቄው ይህ ፍላጎት ለሦስቱ ከተሞች ምን ይተዋል የሚለው ነው። የሚመጣው ሰው ውኃውን ከቦሌ ሱፐርማርኬት ገዝቶ ይመጣል። ውኃው ምናልባት እዚያው ሱሉልታ የታሸገ ነው። ዳቦውን ይዞ ይመጣል፣ ጎማው ቢተነፍስ የሚለጥፍለት ስለማያገኝ መለዋወጫውን ይዞ ይመጣል፣ የሚታጠብበት ስለሌለ ጭቃውን ይዞ ይመለሳል። የወረደበት መንገድ ባለቤት የሆነው ገበሬ የሚያገኘው አቧራና የውሾቹን ጩኸት ነው። ስለዚህ ገበሬው መንገዱን የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ነገ ደላላ መጥቶ ቀብድ ሲያሳየው ማን ሊፈርድበት ይችላል?

ኢኮኖሚክስ ለዚህ ችግር የታወቀ ማብራሪያ አለው። መንገድን አንድ ሰው አጽድቶ ቢጠርግ ሌላው በነፃ ይሄድበታል፤ ጠራጊው ወጪውን የሚያስመልስበት በር የለውም። ስለዚህ ማንም አይጠርግም። ሁሉም የሚጠቀምበትን ማንም አይገዛውም። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግን መንገዱ ዋጋ የለውም የሚል አይደለም። ዋጋው የሚሰበሰበው በመንገዱ ላይ ሳይሆን መንገዱ በሚጀምርበትና በሚያልቅበት ቦታ ነው። ሰው በባዶ ሆዱ ወጥቶ ደክሞና ርቦት በሚወርድበት ቦታ ጎሚስታው፣ ምግብ ቤቱ፣ ሻወሩ፣ የብስክሌት ኪራዩ፣ አልጋው ሊኖሩ ይገባል። ነጋዴው የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

ለአብነት ያህል ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ከተማ ጫፍ በየቅዳሜው 20 ብስክሌተኛ ብቻ ይመጣል እንበል። እያንዳንዱ ለቁርስ፣ ለመኪና ጥበቃ፣ ለመታጠቢያና ለመሪ 500 ብር ያወጣል እንበል። በአንድ ቅዳሜ 10 ሺህ ብር ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት 32 ቅዳሜ ብንቆጥር 320 ሺህ ብር ይሆናል። ለመርካቶ ጅምላ ነጋዴ ይህ የአንድ ቀን ሽያጭ አይሞላም። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ገንዘቡ የሚከፋፈለው ብዙ ካፒታል በማያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል ነው፤ ምጣድና ጎድጓዳ ሳህን ያላት እናት ትገባበታለች። ሁለተኛ፣ ቦታ የተላለፈበት ገንዘብ አንድ ጊዜ ብቻ ሲመጣ ይህኛው በየዓመቱ ይመጣል። ሦስተኛ፣ 20 ወደ 100 ሲያድግ መንገዱን እንደገና መሥራት አያስፈልግም። ወጪው ባለበት ቆሞ ገቢው የሚያድግበት ንግድ በዚህ ዘመን ብርቅ ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን በባሕር የተከበበ ተራራማ ልሳነ ምድር አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ጥቂት መቶ ብስክሌተኞች በዚያ ዳርቻ ተሰልፈው የነዱት ለውድድር ብቻ ሳይሆን መንግሥት የብስክሌት መንገድ እንዲሠራላቸው ለመጠየቅ ነበር። ያ ሰልፍ ዛሬ 109 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍንና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚሳተፉበት ዓመታዊ ውድድር ሆኗል። ከዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኬፕ ኤፒክ የተባለው የስምንት ቀን የተራራ ብስክሌት ውድድርም ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚነዱ ሰዎችን ከዓለም ዙሪያ ይጠራል። በባሕሩና በተራራው ላይ ማንም የጨመረው ነገር የለም፤ የተጨመረው ድርጅት ብቻ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ሀብታም ናት የሚል ካለ ሩዋንዳን ይመልከት። እንደ እኛ ወደብ የላትም። በኪቩ ሐይቅ ዳር ከሩባቩ እስከ ሩሲዚ 227 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ ኮንጎ ናይል የሚባል የእግርና የብስክሌት መስመር አላት። መስመሩ የሚያልፈው በሙዝና በቡና ማሳ፣ በመንደር መካከል ነው። ገበሬው ከማሳው አልተነቀለም፤ መስመሩም ያለ ማሳው አያምርም። ይህችው አገር በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን በኪጋሊ አስተናገደች። ሻምፒዮናው ወደ አፍሪካ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር።

እኛም ለብስክሌት ባዕድ አይደለንም። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ ለኢትዮጵያ ነድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሱሉልታ ደግሞ አየሯን እንዴት እንደሚሸጡ ከሯጮች ተምራለች። ቀነኒሳ በቀለ ሆቴልና የመሮጫ ትራክ የሠራው እዚያ ነው፤ የውጭ አገር አትሌቶች ሻንጣቸውን ይዘው የሚመጡት ቀጭኑን አየር ፍለጋ ነው። ታላቁ ሩጫም በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር ሰው ለመሮጥ ብር ይከፍላል ብሎ ያመነ ነጋዴ ጥቂት ነበር። ዛሬ ስፖንሰር ለመሆን ወረፋ አለ።

የመሬቱ ጥያቄ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የሚመጣው መሬት ሲነሣ ነው። በሦስቱ ከተሞች ከአዲስ አበባ የሚመጣ ማንኛውም ዕቅድ በጥርጣሬ ይታያል፤ ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አልመጣም። የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ አስነሥቶ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ብዙ ቤቶችም ሕገ ወጥ ተብለው ፈርሰዋል። በእነዚህ ዓመታት መሬቱን የለቀቀ ገበሬ ካሣውን ጨርሶ በልጁ ማሳ ላይ የተሠራ ግቢ ዘበኛ የሆነበት ታሪክ በየመንደሩ የሚሰማ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም እዚህ ላይ ነው። በዙሪያችን ከሚታሰቡት ኢንቨስትመንቶች መካከል ገበሬው በቦታው ሲቆይ የሚያተርፍ፣ ሲነሣ ደግሞ የሚከስር ይህ አንዱ ነው። ለፋብሪካ መሬቱ መለቀቅ አለበት። ለሪል እስቴት መለቀቅ አለበት። ለብስክሌት መስመር ግን ገብሱ መብቀል፣ ድርቆሹ መከመር፣ ከብቱ መሠማራት አለበት፤ ሰው ከፍሎ የሚመጣው ያንን ለማየት ነው። ባለሀብቱና ባለይዞታው በአንድ ወገን የሚቆሙበት ሥራ በዚህ አካባቢ ስንት አለን?

ጊዜው ግን ከእኛ ጋር አይደለም። ሽንሸና ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው የእግር መንገድ ነው። መንገዱ ካርታ የለውም፣ ካሣ የሚጠይቅለትም የለም። አንድ አጥር በመካከሉ ሲቆም የአሥር ኪሎ ሜትር መስመር ይሞታል፤ ምክንያቱም ብስክሌተኛ የሚገዛው መስመሩን በሙሉ እንጂ ቁራጩን አይደለም። መሬት ተቆራርጦ ሲተላለፍ ዋጋው ይጨምራል፤ መስመር ሲቆራረጥ ዋጋው ዜሮ ይሆናል። የሁለቱ ገበያዎች ልዩነት ይኸው ነው።

የሚያሰጉ ነገሮች

ነጋዴ ስጋቱን ሳይመዝን ገንዘቡን አያወጣም፤ ደግሞም ልክ ነው። የመጀመሪያው ስጋት ጸጥታ ነው። በሱሉልታ አልፎ በሚሄደው የጎጃም መንገድ፣ በገርበ ጉራቻ አካባቢ፣ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የጫኑ ተሳፋሪዎች ታግተዋል። ቦታው ከሱሉልታ ሜዳ የራቀ ቢሆንም ለቱሪስት ወሬ ርቀት የለውም። ስለዚህ ሥራው ከቅርቡ፣ ሰው ከሚበዛበት፣ የአካባቢው ልጅ መሪ ሆኖ ከሚሄድበት መስመር መጀመር አለበት። መሪ ለወጣቱ ሥራ ብቻ ሳይሆን ለመጪው ዋስትና ነው።

ሁለተኛው የዕቃው ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደህና የተራራ ብስክሌት ለብዙ ሰው የማይቀመስ ሆኗል። ነገር ግን ይህ ለኪራይ ነጋዴ መልካም ወሬ ነው። ሰው መግዛት ያቃተውን ይከራያል። ፍሬኑንና ካቴናውን የሚያውቅ አንድ መካኒክ ያለው ኪራይ ቤት ብስክሌቱን ለዓመታት ሊያሠራው ይችላል። ዶላሩም በሌላ በኩል ያግዛል፤ ከውጭ ለሚመጣ ሰው አገራችን ረክሳለች።

ሦስተኛው ስጋት ራሱ ብስክሌቱ ነው። በእርጥብ አፈር ላይ ጎማ ቦይ ይሠራል፣ ቦዩ ጎርፍ ይስባል፣ ጎርፉ መንገዱን ይበላል። የሱባ ደን ይህን ያህል ዘመን የቆየው ሰው ስለተከለከለበት ነው። ገፈርሳ ደግሞ የምንጠጣው ውኃ ነው። ስለዚህ ክረምት ላይ መስመሩ መዘጋት አለበት፣ በደኑ ውስጥ ለብስክሌት የተፈቀደው መንገድ ተለይቶ መታወቅ አለበት፣ ወደ ግድቡ ውኃ መጠጋትም አይገባም። ይህን የማያከብር ነጋዴ የሚሸጠው ትርፉን ሳይሆን ካፒታሉን ነው።

ምን ይደረግ?

ለከተማ አስተዳደሮቹ፦ ቀጣዩ የሊዝ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት በዳገቱና በሜዳው ያሉት ዋና ዋና የእግር መንገዶች ይለኩ፣ በፕላኑ ላይም ይስፈሩ። ስፋቱ ሁለት ሜትር ቢሆን ይበቃል። በሰው ይዞታ ላይ የማለፍ መብት ለሕጋችን አዲስ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያውቀዋል። ወጪው የቀያሽ አበልና የጥቂት ችካል ዋጋ ነው። ከተሸነሸነ በኋላ ለማስመለስ ግን ካሣ፣ ክስና ዶዘር ይጠይቃል።

ደኑን ለሚያስተዳድረው ድርጅት፦ በበሩ ላይ ከብስክሌተኛ የሚሰበሰበው ገንዘብ ላይ የተወሰነ ድርሻ በግልጽ ተጽፎ ለአካባቢው ማኅበር ይሰጥ። ገበሬው ከመስመሩ የሚያገኘውን በወር አንድ ጊዜ በእጁ ሲቆጥረው፣ አጥር ሊያቆም የሚመጣውን ሰው ከማናችንም በፊት የሚመልሰው እሱ ነው።

ለነጋዴው፦ መሬት አትፈልግ፣ ባለመሬት ፈልግ። በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ የመንገዱ ጫፍ ላይ ግቢ ያለው ሰው አለ፤ ግቢውን እሱ ያዋጣ፣ ብስክሌቱንና ሻወሩን አንተ አዋጣ፣ ትርፉን በውል ተካፈሉ። የሦስቱም ከተሞች ነጋዴዎች ተነጋግረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ድርቆሹ ከተከመረ በኋላ፣ ቀለበቱን የሚዞር አንድ ውድድር ቢያዘጋጁ መስመሩ ስም ያገኛል። ስም ያለው መስመር ደግሞ ለመታጠር ያስቸግራል።

ለደላላውም አንድ ቃል እንበል። ኮሚሽን ከመሬት ማስተላለፍ ብቻ አይገኝም፤ እንግዳን ከአልጋ፣ ነጂን ከመሪ፣ ነጋዴን ከባለ ግቢ ማገናኘትም ድለላ ነው። የመሬቱ ድለላ ቦታው ሲያልቅ ያልቃል። በወጨጫ ሥር ያለው መንገድ ግን ካልታጠረ አያልቅም።